ግማሽ አምላክ የለንም

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ነዎት? ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከልጄ ጋር «ክላሽ ኦፍ ዘ ታይታንስ» የሚባለውን ፊልም አየን። ስለ ግሪክ አማልክት ነው፤ ውጊያ ይበዛበታል። ልጄ በጣም ወደደው። ሲያልቅ ግን «ማሚ፣ ፐርሲየስ እኮ ልክ እንደ ኢየሱስ ነው፤ አባቱ አምላክ፣ እናቱ ሰው። ሁለቱም ግማሽ አምላክ ናቸው» አለኝ። ደነገጥኩና «አፍህን ያዝ!» ብዬ ተቆጣሁት። ባለቤቴ ደግሞ ቤታችን ውስጥ ጣዖት አስገባሽ ብሎ እኔን ተቆጣኝ። ቤቱን ጠበል ላስረጭ? ጊዜውም ጾም ነበር። ሁለተኛ ክፍል አለው አሉ፤ ልጁ እሱንም ካላየሁ እያለ ነው። 11 ዓመቱ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የጾሙን ነገር አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ከንስሐ አባትሽ ጋር ጨርሺው። ጠበሉንም አስረጪ፤ ቤት ጠበል ቢረጭ መቼም አይጎዳም። የልጁን ጥያቄ ግን ጠበል አያስወጣውም። ጋኔን አይደለማ!

ባለቤትሽም ትንሽ ይረጋጋ። የጣዖት ስም ስለተጠራ ቤት አይረክስም። ቢረክስማ የሐዋርያት ሥራን ቤታችን ውስጥ ማንበብ ባልቻልን ነበር። ምዕራፍ 14ን ተመልከቺ። የልስጥራን ሰዎች በርናባስን ድያ፣ ጳውሎስን ሄርሜን አሏቸው። ድያ ያሉት በፊልሙ ያያችሁትን የፐርሲየስን አባት ዜውስን ነው። ምዕራፍ 28 ላይ ደግሞ ጳውሎስ ከመላጥያ ደሴት የተሳፈረበት መርከብ የዲዮስቆሮስ ምልክት ነበረበት። ዲዮስቆሮስ የሚባሉት ግሪኮች የዜውስ መንታ ልጆች የሚሏቸው ናቸው። ጳውሎስ «በዚህ መርከብማ አልሄድም» አላለም። ተሳፍሮ መንገዱን ቀጠለ። ጣዖት በዓለም ከንቱ እንደሆነ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውም እሱ ራሱ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ልጅሽ ያላት አንዲት ቃል ናት፤ «ግማሽ አምላክ»። ይህችን ቃል ከልጆች ብቻ ብሰማት ባልገረመኝ። ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው ከሚደግሙ ትልልቅ ሰዎች ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ! ጉባኤ ላይ «ክርስቶስ ማን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ከኋላ አንዱ እጁን ያወጣል። «ግማሽ አምላክ፣ ግማሽ ሰው» ይላል። ዙሪያውን ያሉት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ትክክል መለሰ ማለታቸው ነው። እነዚህ ሰዎች ይህን ፊልም አላዩትም። ስለዚህ ስህተቱ ከፊልሙ አልመጣም። ቀድሞም ውስጣችን ነበር፤ ፊልሙ አወጣው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ልጅሽ አዲስ ነገር አላመጣም። በ2ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ትሪፎን ከሚባል አይሁዳዊ ጋር ያደረገውን ክርክር ጽፎ ትቶልናል። ትሪፎን እዚያ ላይ ምን የሚል ይመስልሻል? ግሪኮችም ፐርሲየስ ከድንግል ከዳናኤ ተወለደ ይላሉ፤ ዜውስ የወርቅ ዝናብ ሆኖ ወረደባት ይላሉ፤ እናንተ ክርስቲያኖች የእነሱን የሚመስል ነገር ስታወሩ አታፍሩም ወይ? ነው የሚለው። ያው ፐርሲየስ! ዮስጢኖስ አልደነገጠም። አፍህን ያዝም አላለውም። ከነቢያት እየጠቀሰ ረጅም መልስ ሰጠው። በኋላ ለዚሁ እምነት ሮም ላይ አንገቱን ለሰይፍ ሰጥቷል።

ዮስጢኖስ ከሰጠው መልስ አንዱ፣ ሰይጣን የሚመጣውን እውነት አስቀድሞ በተረት አስመሰለው የሚል ነው። እሱን ለትልልቆቹ እናቆየው። ለ11 ዓመት ልጅ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አድርጎ ማሳየት ይቀላል።

ፊልሙ ላይ ዜውስ ምን አደረገ? ንጉሥ አክሪስዮስ አማልክቱን ሊወጋ ተነሣ። ዜውስ ሊበቀለው ፈለገ። የንጉሡን መልክ ይዞ ወደ ሚስቱ ገባ። ሴትየዋ ባሏ መስሏታል። ማንም አልጠየቃትም። ንጉሡ ሲያውቅ እሷንም ሕፃኑንም በሣጥን አድርጎ ባሕር ላይ አስጣላቸው። ሕፃኑን አንድ ዓሣ አጥማጅ አገኘውና አሳደገው። ፐርሲየስ እንዲህ ነው የመጣው፤ በሽፍጥና በበቀል።

(በጥንቱ ተረት ዳናኤ የአክሪስዮስ ልጅ ነበረች፤ ሚስቱ ያደረጋት ፊልሙ ነው። ፊልም ሠሪዎች እንዲህ ሲቀያይሩ ነው የሚውሉት። ያ ክራከን የሚባለው የባሕር አውሬም ከግሪክ ሳይሆን ከሰሜን አውሮፓ ተረት የመጣ ነው። ለእኛ የሚገርመው ግን ሌላ ነው። በጥንቱ ተረት ፐርሲየስ ከአውሬ ያዳናት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ፊልሙ ወስዶ የግሪኳ ከተማ የአርጎስ ልዕልት አደረጋት። ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ሰፊ አገር ስለነበር ግን እኛም ብዙ አንኩራራ።)

አሁን ሉቃስ ምዕራፍ 1ን ክፈቺለት። ገብርኤል የሌላ ሰው መልክ ሰርቆ አልመጣም። ሰላምታ ሰጥቶ ገባ። የሚሆነውን አንድ በአንድ ነገራት። እመቤታችንም ዝም ብላ አልተቀበለችም፤ «ወንድ ስለማላውቅ ይህ እንዴት ይሆናል?» አለች። መልአኩ አልተቆጣም፤ መለሰላት። «እንደ ቃልህ ይሁንልኝ» ያለችው ከዚያ በኋላ ነው። ልብ በይ፣ የጌታ እናት «እንዴት?» ብላ ጠይቃለች። አንቺ ልጅሽን ያስደነገጥሽው «እንዴት?» ስላለሽ ነው። እኅቴ፣ እኔ በአንቺ ላይ የማየው ጥፋት ፊልሙ አይደለም፤ ይህች ቁጣ ናት። ልጅ አንዴ አፉን ካስያዙት ሁለተኛ ለእናቱ አያመጣም። ስልኩን ይጠይቃል።

ወደ ግማሹ እንመለስ። ፐርሲየስ ከአባቱ ትንሽ፣ ከእናቱ ትንሽ ወስዷል። ማኪያቶ በይው። ወተቱም ወተት አልሆነ፣ ቡናውም ቡና አልሆነ። ከሰው ይበረታል፤ ከዜውስ ያንሳል። እናቱ ሳትፀንሰው በፊትም አልነበረም።

እኛ የምናመልከው ጌታ ግን ከእናቱ በፊት ነበረ። ቃል ከአብ ያለ እናት ከዘመናት በፊት ተወለደ፤ በኋለኛው ዘመን ከእመቤታችን ያለ አባት ተወለደ። አባቶቻችን ሁለት ልደት የሚሉት ይህን ነው። ወልድ መሆን በቤተ ልሔም አልጀመረም። ራሱ «አብርሃም ሳይወለድ እኔ አለሁ» ብሏል። የትኛው የዜውስ ልጅ እንዲህ ሊል ይችላል? ሰው ሲሆንም ከአምላክነቱ ግማሹን ሰማይ ትቶ አልመጣም፤ ሰውነታችንንም ግማሹን ብቻ አልወሰደም። ፍጹም አምላክ ነው፤ ፍጹም ሰው ነው። ሁለቱ አልተቀላቀሉም፤ አልተለያዩምም። አንድ ክርስቶስ ነው።

ይህ ለልጅ ይከብዳል ካልሽ ዮሐንስ 11ን አንብቢለት። አልዓዛር ሞቶ አራት ቀን ሆኖታል። እኅቶቹ ያለቅሳሉ። ጌታም እንባውን አፈሰሰ። ጥቂት ቆይቶ መቃብሩ ደጃፍ ቆመና «አልዓዛር ሆይ፥ ወደ ውጭ ና» አለ። የሞተው እጁና እግሩ በመግነዝ እንደተገነዘ፣ ፊቱም በጨርቅ እንደተጠመጠመ ወጣ። ልጅሽን ጠይቂው፤ ያለቀሰው የትኛው ግማሽ ነው? የጠራውስ የትኛው? ያለቀሰው ራሱ ነው የጠራው። እንባው ገና ጉንጩ ላይ ሳይደርቅ ነው መቃብርን ያዘዘው። ተዋሕዶ ብለን የተጠራነው በዚህ እምነት ነው።

«ታዲያ ቃል ብንሳሳት ምን ይሆናል?» የሚሉኝ አሉ። ብዙ ይሆናል። ልጇን የቀበረች እናት «እሱ አምላክ ነው፤ የእኔን ሐዘን የት ያውቀዋል?» ስትል ሰምቻለሁ። ከአፏ የወጣው ያው ግማሽ አምላክ ነው፤ ለእሷ ሰውነቱ ጠፍቶባታል። ሌላው ደግሞ በሰሙነ ሕማማት ሲሰግድ ውሎ «የተሰቀለውማ ሥጋው ብቻ ነው፤ አምላክነቱ እዚያ ምን ነበረው?» ይልሻል። እሱም ለሁለት ከፍሎታል። አንድን ክርስቶስ ከከፈልሽ መስቀል ላይ የምታገኚው አንድ ደግ ሰው ነው፤ ደግ ሰው ደግሞ ዓለምን አያድንም። ዕብራውያን 4፥15 ከኃጢአት በቀር በነገር ሁሉ እንደ እኛ የተፈተነ ሊቀ ካህናት አለን ይላል። በነገር ሁሉ እኮ ነው ያለው!

የቍስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ንስጥሮስ ክርስቶስን ለሁለት ሲከፍለው አባቶች የተሰበሰቡት የት እንደነበር ታውቂያለሽ፤ በ431 እ.ኤ.አ. በኤፌሶን። ይህችን ከተማ ከሐዋርያት ሥራ 19 ጋር አያይዢልኝ። ሕዝቡ ሁለት ሰዓት ያህል «የኤፌሶን አርጤምስ ታላቅ ናት» እያለ የጮኸባት ከተማ ናት። አርጤምስም ያው የዜውስ ልጅ ነች። በዚያችው ከተማ ነው ቅዱስ ቄርሎስና አባቶች ድንግል ማርያም ወላዲተ አምላክ ናት ብለው የመሰከሩት። የወለደችው ግማሽ አምላክ ቢሆን ኖሮ ወላዲተ አምላክ ባልተባለች። እኔ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ለጣዖቷ ሁለት ሰዓት ጮኹላት፤ ዛሬ ከቤተ መቅደሷ የቀረው ፍርስራሽ ነው።

ልጅሽ ነገ የሚያመጣውን ከወዲሁ ልንገርሽ፤ «ቅዱስ ጊዮርጊስም እንደ ፐርሲየስ አውሬ ገድሎ ልጅቷን አዳነ» ይልሻል። ሥዕሎቹ ይመሳሰላሉ፤ መካድ አያስፈልግም። ግን ጊዮርጊስን የምናከብረው ስለ ዘንዶው ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 23 ሰማዕት የሆነበት ቀን ነው። ፐርሲየስ በጥንቱ ተረት አንድሮሜዳን አገባ፣ ነገሠም። ጊዮርጊስ ያገኘው ሰይፍ ነው። ለዚህ ይህ ይበቃል።

የፊልሙን ነገር እንጨርስ። የመጀመሪያው ክፍል ለ13 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብሎ የተመደበ ነው፤ ከዚያ በታች ላሉት ወላጅ ይጠንቀቅ ይላል። ጭንቅላት ይቆረጣል፤ ሰው ወደ ድንጋይ ይለወጣል። 11 ዓመት ትንሽ ነው። እዚህ ላይ ቸኩለሻል፤ አልሸሽግሽም።

በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ግን ልታስቢበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያው ፊልም ዜውስ ሰዎችን የፈጠረው ጸሎታቸው ለአማልክቱ ኃይል እንዲሆናቸው ነው ይባላል። በሁለተኛው ሰዎች መጸለይ ስላቆሙ አማልክቱ ይደክማሉ። መጨረሻ ላይ ዜውስ ራሱ ትቢያ ሆኖ ይበተናል። ሳስበው ከክራከኑ ይልቅ ይሄ ያስፈራኛል። ብዙዎቻችን እግዚአብሔርን የምናስበው እንዲሁ ነውና። አንድ እሑድ ቅዳሴ የቀረ ሰው ሰኞ መኪናው ቢጋጭ «ያዘልኝ» ይላል። ስለቱን ያዘገየ ሰው «ተቀይሞኛል» ብሎ ሳምንት አይተኛም። እግዚአብሔር የእኛ ሻማና ዕጣን ቢቀርበት የሚጎድልበት ይመስለናል። ስለትማ ይከፈል፤ ቅዳሴም አይቀር። ግን የሚጎድለው ለእኛ ነው። ጳውሎስ ለአቴና ሰዎች፣ በዜውስ አገር ቆሞ፣ እግዚአብሔር አንዳች እንደሚጎድለው በሰው እጅ አይገለገልም ብሏቸዋል። ምንም የማይጎድለው አምላክ ሰው የሆነው እንግዲህ ለምንድን ነው? ከእኛ የሚወስደው ስላለው አይደለም። ወዶን ነው።

ስለዚህ ሁለት ዓመት ይቆይ። ባለቤትሽ ያኔም ልቡ ካልፈቀደ ተዉት፤ ጳውሎስ ጣዖት ከንቱ ነው ባለበት ምዕራፍ ውስጥ የወንድምን ሕሊና አታቁስሉ ብሏል። ከፈቀደ ሦስታችሁም አብራችሁ እዩት። ዜውስ ትቢያ ሲሆን ፊልሙን አቁሙና መዝሙር 49ን፣ በአንዳንዱ መጽሐፍ 50 ነው፣ ከቁጥር 7 እስከ 15 አንብቡ። ከዚያ ጸሎት ሲቋረጥበት የሚሞተው የማን አምላክ እንደሆነ ልጁ ይንገራችሁ። ዛሬ ማታ ግን ዮሐንስ 11ን ጀምሪለት፤ ከዚያ በፊት ስለ ቁጣሽ ይቅርታ ጠይቂው።