ለባና መሸጫ ድረ ገጽ የትኛው ይሻላል?

አንዲት እህት ከመሐል ሜዳ ጻፈችልኝ። እናቷ ይፈትላሉ፣ አባቷ ባና ይሸምናሉ፣ እሷ ደግሞ ፎቶ እያነሳች ድረ ገጽ ላይ ልታወጣ አስባለች። አንዱ ጓደኛዋ «ድሩፓል ነው አስተማማኙ» አላት፣ ሌላው «ጁምላ»። ሁለቱም ድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራሞች ናቸው። ግራ ገባት።

እህቴ፣ ሌላውን እንዲህ ያለ ፕሮግራም፣ ዎርድፕረስን ጨምሮ ሦስቱም በነጻ ይወርዳሉ። የምትከፍዪው ለዶሜይን (ለድረ ገጹ አድራሻ ስም) እና ለሆስቲንግ (ድረ ገጹ ለሚቀመጥበት ቦታ) ነው። ማታ ማታ በስልክሽ አዲስ ባና የምትለጥፊው አንቺው ከሆንሽ ዎርድፕረስ ያዢ፣ በቃ። ጁምላ ክፉ አይደለም፤ ግን ሲበላሽብሽ የሚያውቀው ሰው እኛ አካባቢ ፈልገሽ ይደክምሻል።

ድሩፓልማ ጎበዝ ነው፣ ቋሚ ባለሙያ ላለው ቤት። ደብረ ብርሃን ላይ ለአንድ ድርጅት በድሩፓል 7 ሠርቼ አስረከብኩ፤ ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ ያየው የለም። የድሩፓል 7 ድጋፍ (ጥገናውና የደኅንነት እድሳቱ) ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አበቃ። ወደ አዲሱ የድሩፓል እትም ልውሰድላችሁ ብል፣ ነገሩ እድሳት ሳይሆን ከመሠረቱ እንደ አዲስ መሥራት ስለሆነ ሒሳቡን ሲሰሙ ስልኬን ማንሳት ተዉ።

አሁን ዎርድፕረስ ላይ የሚያናድድሽን ልንገርሽ። ርዕሱን በአማርኛ ስትጽፊ ሊንኩን ራሱ ከርዕሱ ይሠራዋል። አንዷ የግዕዝ ፊደል እዚያ ስትገባ 9 ምልክት ትሆናለች፣ ያለው ቦታ 200 ብቻ ነው፣ ስለዚህ 22ኛው ፊደል ላይ ይቆርጠዋል። ቴሌግራም ላይ ስትልኪው የፐርሰንትና የቁጥር ዝባዝንኬ ይሆናል፤ ደንበኛሽ ቫይረስ መስሎት አይነካውም። ስለዚህ ከመለጠፍሽ በፊት የሊንኩን ሳጥን ከፍተሽ በላቲን ፊደል አሳጥሪው። ባና፣ ሰረዝ፣ ቁጥር። አለቀ።

ፎቶውንም ስልክሽ እንዳነሳው አትጫኚው። አምስት ሜጋባይት ሥዕል በደካማ ኔትወርክ እስኪከፈት ገዢው ብርድ ልብስ ከሱቅ ገዝቶ ይሄዳል። ወደ 200 ኪሎባይት አውርጂው። «ተሰብሮ በነጻ» የሚባል ቴምም (የድረ ገጹን መልክ የሚሠራ ፋይል) ከየቻናሉ እንዳታወርጂ፤ ውስጡ ምን እንደተቀበረ አይታወቅም። የክፍያ ፕለጊን (ድረ ገጹ ላይ ክፍያ የሚቀበል ተጨማሪ ፕሮግራም) ለጊዜው ይቅር፣ ከፎቶው ሥር ስልክ ቁጥርሽን አድርጊ።

ዶሜይኑን ግን በራስሽ ኢሜይል አስመዝግቢ፣ በሚሠራልሽ ልጅ ኢሜይል አይሁን።