ማገር ወይስ መወጣጫ?

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን የምሠራ ነርስ ነኝ። የሰውን ስቴም ሴል (ሌሎች ሕዋሳት የሚወጡበትን ሕዋስ) በፖሊመር (ከረጃጅም ሞለኪውሎች በተሠራ ቁስ) ስካፎልድ ላይ አሳድጎ የተጎዳ አጥንት ስለ መጠገን ለባልደረቦቼ አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፍኩ። ስቴም ሴሉን ‹ግንደ ሕዋስ›፣ ስካፎልዱን ‹መወጣጫ›፣ ሥራውን ‹የአጥንት ጥገና› ብዬ ነበር። አንዱ አንብቦ ‹ይሄ ሕክምና ነው ወይስ ኮንስትራክሽን?› ብሎ ሳቀብኝ። ምን ልበል?»

መልስ፦ ከሦስቱ የሚያስቀው አንዱ ብቻ ነው።

«ጥገና»ን አይንኩት። ዛሬ ጋራዡና መንገድ ሥራው ወሰዱት እንጂ ቃሉ የወጌሻም ነው። ሰባራውን ጎትቶ፣ አገጣጥሞ፣ በቀርከሃ ያሰረ ሰው «ጠገነው» ይባላል።

«ግንደ ሕዋስ»ም ደህና ነው። ሕዋስ በግእዝ ስሜት ማለት ነበር፤ «አምስቱ ሕዋሳት» የምንለው ለዚህ ነው። ሳይንሱ ለ«ሴል» ወሰደው፣ ለመድነው፣ አለቀ። «ግንድ» ሲባል ግን ብዙ ሰው የሚታየው ዛፍ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኤርንስት ሄክል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1868 «ሽታምጸለ» (ቃል በቃል «ግንደ ሕዋስ») የሚለውን ቃል ሲጠቀም ያሰበው የዘር መነሻ የሆነውን ሕዋስ ነበር። እኛስ «የዘር ግንድ» እንል የለ? ከመቅኒ የሚወሰደው ግንደ ሕዋስ የአጥንት፣ የልም አጥንትና የስብ ሕዋስ ይወጣዋል፤ ግንድ መባል ያንሰዋል?

«መወጣጫ» ነው የወደቀው። ደብረ ብርሃን አዲስ ፎቅ የሚሠራበት ቦታ ቆም ብለው ይዩ፦ የባሕር ዛፍ አጣና ከግድግዳው ውጭ ይቆማል፣ ሠራተኛ ይወጣበታል፣ ሥራው ሲያልቅ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይሄዳል። የላቦራቶሪው ስካፎልድ የሚቆመው ግን ውስጥ ነው። እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 500 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) ይሰፋሉ። ሕዋሶቹ በየቀዳዳው ገብተው ይጣበቃሉ፣ የራሳቸውን አጥንት ይሠራሉ፣ የደም ሥርም ያልፍበታል። ፖሊመሩ ቀስ እያለ ይሟሟል፤ እንደ ዓይነቱ በወራት፣ አንዳንዱም ከ2 ዓመት በላይ ወስዶ። በእጅዎ የሚያውቁት፣ ሳይወጣ የሚሟሟው የስፌት ክር ዘመዱ ነው።

ስለዚህ «ማገር» ይበሉት። ምርጊት ያየ ሰው ያውቃል፤ ጭቃው በማገሩ መሃል ሾልኮ ወዲያ ማዶ ካልወጣ አይይዝም። የስካፎልዱ ቀዳዳም እርስ በርሱ ካልተገናኘ ሕዋሱ ከላይ ከላይ ብቻ ይቀራል። መንዝ ላይ ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ግን እዚያም ቢሆን የጣራ ማገር አለ፤ ቃሉ ባዕድ አይሆንባቸውም። «ርብራብ» የሚሉም አሉ። ስህተት አይደለም፣ ለእኔ ግን ቆጥና አልጋ ያስታውሰኛል።

«ማገር መቼ ይሟሟል?» ይሉኝ ይሆናል። ወደ ሸዋ ሮቢት ዝቅ ብዬ፣ ማገሩን ምስጥ ጨርሶት ጭቃው ብቻውን የቆመ ቤት አይቻለሁ። ለማንኛውም «የሚሟሟ ማገር» ብለው ይጻፉ፣ መጀመሪያ ሲጠቅሱት «ስካፎልድ»ን በቅንፍ ያክሉ። ፖሊመር ፖሊመር ይባል፤ «ፕላስቲክ» ካሉት ታካሚው ይደነግጣል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች። «አሳድጎ» አይበሉ፤ የሚያድገው ልጅ ነው፤ ሕዋስ ይራባል፣ ከዚያ ማገሩ ላይ ይዘራል። ደግሞ «ይጠግናል» ብለው አይጨርሱት፤ ነገሩ በአብዛኛው ገና ምርምር ላይ ነው፣ ነገ አንዱ ታካሚ «አምጡልኝ» ይላል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ከመቅኒ የተወሰደ ግንደ ሕዋስ ተራብቶ በሚሟሟ ማገር ላይ ይዘራል፤ አጥንቱ እየተሠራ ሲሄድ ማገሩ እየሟሟ ይሄዳል። በዚህ መንገድ የተጎዳ አጥንት ለመጠገን እየተሞከረ ነው።»