ዛፍ እያለ አፈሩ ለምን ይታጠባል?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ዳር ያለ ተዳፋት መሬቴን ባሕር ዛፍ ተክዬበታለሁ። ዛፉ አድጓል፤ ጎርፉ ግን በየክረምቱ አፈሩን ይጠርገዋል። ለምን ይሆን?

መልስ፦ አፈርን የሚያድነው መሬቱን የነካው ሽፋን ነው። ከረጅም ቅርንጫፍ የሚወርድ ውሃ በቅጠሉ ላይ ተጠራቅሞ ስለሚተልቅ፣ ከዝናቡ ያላነሰ ኃይል ይዞ መሬት ይመታል። የአፈሩን ጓል ይሰባብራል፤ የላመው አፈር ቀዳዳዎቹን ደፍኖ ስስ ቅርፊት ይሠራል። በተለይ በሰኔ ደርቆ የቆየ ራቁት መሬት የሐምሌን ዶፍ አይችልም። ከዝናብ በኋላ ቅርፊቱን በጥፍርዎ አንሥተው ይዩ፦ ከሥሩ ደረቅ ከሆነ ውሃው ሳይሰርግ ሄዷል።

እባክዎ የረገፈውን ቅጠል ለማገዶ አይጥረጉ፤ ከብትም አያስገቡ። ከመሬቱ 60 በመቶ ያህሉ ከተሸፈነ እጥበቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ከዛፉ ጥቂቱን ቆርጠው በማሳሳት፣ አፈሩ በደንብ ሲርስ፣ ተዳፋቱን አግድም የደሾ ወይም የቬቲቨር ሣር ይትከሉ፦ በችግኞቹ መካከል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር፤ ተዳፋቱ 15 በመቶ ከሆነ (በ100 ሜትር ርቀት 15 ሜትር የሚወርድ) በረድፎቹ መካከል 7 ሜትር ገደማ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ችግኝ ደርቆ ክፍተት ከተፈጠረ ውሃው ሁሉ በዚያ ሾልኮ ቦይ ይቆርጣል። የደረቀውን ዝናቡ ሳያባራ ይተኩ።