ለወንድምዎ ቫይታሚን ኤ ከመግዛትዎ በፊት

ውድ እህቴ፣ ወንድምዎ ሬቲናይተስ ፒግመንቶሳ (በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ሬቲና፣ ቀስ በቀስ የሚጎዳበትና በዳፍንት የሚጀምር የዘር በሽታ) እንዳለበት ከተነገረው በኋላ ጎረቤትዎ «ቫይታሚን ኤ ያድነዋል» ስላሉ ክኒኑን ከፋርማሲ ገዝተው ይስጡት እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ ጅማ የምኖር የዚሁ በሽታ ታማሚ ነኝ፤ ክኒኑንም በሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ወስጄ፣ በኋላ በሐኪም ምክር አቁሜያለሁ። የዓይን ሐኪም ሳያዝለት እንዳይገዙ አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ጎረቤትዎ ያሉት መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም። ከቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣ ዳፍንት ቫይታሚኑ ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይሻላል፤ ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ላላቸው ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠውም ይህን መሰሉን ጉዳት ለመከላከል ነው። የወንድምዎ ዳፍንት ግን በዘር ከተወረሰ ጉድለት የመጣ ነው፤ ብርሃን ተቀባዮቹ ሕዋሳት ራሳቸው እየሞቱ ስለሆነ፣ ሰውነቱ በቂ ቫይታሚን ቢኖረውም በሽታው ይቀጥላል።

ክኒኑ ለዚህ በሽታ የታሰበው አሜሪካ ውስጥ በ601 ታማሚዎች ላይ ተካሂዶ በ1993 በታተመ ጥናት ምክንያት ነው (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በቀን 15,000 ዩኒት ቫይታሚን ኤ የወሰዱት ሰዎች ሬቲናቸው ለብርሃን የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ምላሽ በመጠኑ ዝግ ብሎ ሲቀንስ፣ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ የወሰዱት ላይ ደግሞ የባሰ መስሎ ታይቷል። በእይታ ጥራትና ስፋት ላይ ግን ግልጽ ልዩነት አልተገኘም፤ በ2023 የወጣው የዚያው መረጃ ዳግም ትንተናም ጥቅሙን አላረጋገጠም። እኔም እየወሰድኩት እይታዬ መጥበቡን አላቆመም፤ ባልወስደው ኖሮ ይፈጥን እንደነበር አንድ ሰው በራሱ ዓይን ሊለየው አይችልም።

ጉዳቱ ግን የታወቀ ነው። ብዛት ያለው ቫይታሚን ኤ ለዓመታት ሲወሰድ ጉበትን ሊጎዳና አጥንትን ሊያሳሳ ስለሚችል፣ እኔ የጉበት ምርመራ በየጊዜው ይደረግልኝ ነበር። በእርግዝና ወቅት ፅንስን ስለሚጎዳ ክኒኑ በቤት ውስጥ ለሌላ ሰው እንዳይካፈል ይጠንቀቁ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የምርመራው ስያሜ ነው፤ በሽታው ስታርጋርት የተባለው ሌላ የሬቲና የዘር በሽታ ቢሆን ተጨማሪ ቫይታሚን ኤ ሬቲና ውስጥ የሚጠራቀመውን መርዛማ ቅሪት ሊያበዛ ስለሚችል ጨርሶ አይመከርም። በተቃራኒው አቤታሊፖፕሮቲኔሚያ በተባለው እጅግ ብርቅ የዘር በሽታ ቫይታሚን ኤና ኢ የሕክምናው ዋና አካል ናቸው።

ስለዚህ በዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል ሲቀርብ፣ የበሽታው ዓይነት በእርግጥ መለየቱን ይጠይቁለት፤ የሞራ ግርዶሽ ወይም የማኩላ (የሬቲናው መሃል) እብጠት መኖር አለመኖሩንም ያሳዩለት፤ እነዚህ በዚህ በሽታ ላይ በብዛት የሚደረቡ ሆነው ሳለ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። ለክኒኑ ያሰቡትን ገንዘብ ለዚህ ምርመራ፣ ቀጥሎም ለጥሩ ባትሪና ለነጭ ዘንግ ቢያውሉት ይሻላል፤ በክረምት ምሽት በከተማችን ክፍት ቦዮች አጠገብ ሲሄድ የሚጠብቁት እነዚህ ናቸው።