ካሜራዎን ለሦስት ወር ላላነሱት ጠያቂ

«ሐረር ውስጥ ፎቶ ያልተነሳ ነገር የለም፤ የሌሎችን ሥራ ባየሁ ቁጥር የእኔ ከንቱ ይመስለኛል» ብለው፣ ካሜራዎን ካነሱ ሦስት ወር እንዳለፈዎት ጽፈዋል። ስሜቱን አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ክረምት እኔም እንዲሁ ሆኜ ነበር።

ጥርጣሬው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ዓይናችን ከእጃችን ቀድሞ ስለሚበስል ይመስለኛል። እኔን የረዳኝ ሌላ ቦታ ፍለጋ መሄድ ሳይሆን ማጥበብ ነበር። ለአንድ ወር ያህል በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብቻ፣ በቀን ከ10 ፎቶ ላለማለፍ ወስኜ፣ ጠዋት ጠዋት መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ተመላለስኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ልብስ ሰፊዎቹ እኔን ማየት ተዉ፤ አንድ አዛውንት ክሩን በከንፈራቸው አርሰው በመርፌው ቀዳዳ ሲያስገቡ፣ ከፊት ለፊቱ ሰማያዊ ግድግዳ የተንጸባረቀው ብርሃን በጣታቸው ላይ ሲያርፍ ያየሁት ያኔ ነው። (አስፈቅደው ያንሱ፤ ፎቶውን አሳትመው ቢወስዱላቸው ደግሞ እጅግ ደስ ይላቸዋል።)

ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ከዚሁ ከተማ ለቤተሰቡ የላካቸው ፎቶግራፎች፣ ባጠበበት መጥፎ ውሃ ምክንያት ነጥተው እንደነበር ራሱ በደብዳቤ ገልጿል፤ እኛ ግን ዛሬ እንደ ቅርስ እናያቸዋለን። ስለዚህ ያነሱትን በዚያው ምሽት አይመዝኑት፣ አይሰርዙትም፤ ሁለት ሳምንት ያቆዩት። ነገ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አንድ ሌንስ ብቻ ይዘው፣ ከአሮጌው ከተማ በሮች አንዱ በሆነው በሸዋ በር ይግቡ።