ለጅቡቲ መስመር ሾፌር ስፖርት ምን ይጠቅመዋል?

ወንድሜ፣ «ቀኑን ሙሉ ከመሪ ጋር ስታገል እየዋልኩ ስፖርት ምን ይጨምርልኛል? የወገቤስ ሕመም መቼ ይተወኛል?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔም በዚያው መስመር ተሳቢ ስነዳ ለዓመታት ኖሬአለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

መድከም ሌላ፣ መንቀሳቀስ ሌላ ነው። ከአዋሽ ሚሌ፣ ከሚሌ ጋላፊ የሚያደክምህ ሙቀቱ፣ ንዝረቱና ሐሳቡ ነው፤ እግርህ ግን ታጥፎ ይውላል፣ ወገብህም ይደርቃል። ከዚያ መኪናውን ታቆምና በደነዘዘ እግር ከጋቢና ትዘላለህ! ስንቱ ጓደኛችን ቁርጭምጭሚቱ የዞረው፣ ወገቡ የተቀጨው መኪናው ቆሞ ሳለ ነው።

ስለዚህ ከመውረድህ በፊት እዚያው ወንበርህ ላይ ቁርጭምጭሚትህን አዟዙር፣ ጉልበትህን ዘርጋ እጠፍ አድርግ። ፊትህን ወደ ጋቢናው መልስና በሁለት እጅ ይዘህ፣ አንዱ እግር መርገጫውን ሳይለቅ፣ ቀስ ብለህ ውረድ። ጎማ ማየቱን ለረዳት ብቻ አትተው፤ አንተው ጎማውን እየመታህ ተሳቢውንም ጨምረህ ደጋግመህ ዙር። ሸራ መሳብና ገመድ መወጠር የሚመጣው ሰውነትህ ከተፍታታ በኋላ ነው። እኔ ይህን ከለመድኩ ወዲህ ጠዋት ወገቤን ይዤ መነሣት ቀርቶልኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ብዙ መስሎ አያስፈራህ፤ በአምስት ቀን ሲካፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው፤ በሦስት ማቆሚያ አሥር አሥር ደቂቃ ፈጠን ብለህ ብትራመድ ይሞላል። ቆላው ላይ ፀሐይ ሳትበረታ ወይም ከመሸ በኋላ ይሁን፤ ውኃም አትርሳ። የእኛ ሰው ተቀምጦ ውሎ፣ ማታ ከባድ ምግብ በልቶ ስለሚተኛ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ቅርቡ ናቸው፤ እነዚህን ለመከላከል እንቅስቃሴ በእውነት ይረዳል። የሌሊት እንቅልፍም ያሳምራል።

አደራ የምልህ ግን፣ እየነዳህ ዓይንህ ከከበደ ወርዶ መሯሯጥም ጫትም እንቅልፍን አይተኩም፤ ደህና ቦታ አቁምና ተኛ።

«አንዱ እግሬ ያብጣል» ያልከውን ደግሞ ችላ አትበለው። እብጠቱ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ፣ በተለይም ባትህ የሚሞቅና የሚያም ከሆነ፣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ወጌሻ ጋር ሄደህ እንዳትታሽ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ደረትህን ከወጋህ መሪውን ለሌላ ሰው ስጥና በቀጥታ ሆስፒታል ግባ።