ሳይንስና ኪነ ጥበብን አጣምሮ ስለማስተማር ለጠየቁት መምህርት

መምህርት፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጥያቄዎ «ለ9ኛ ክፍል ሳይንስና ኪነ ጥበብን ያጣመረ ኮርስ አዘጋጂ ተብያለሁ፤ ልጆቹ ፀሐይንና ፕላኔቶችን በቀለም ስለው ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል፤ ይሄ ይበቃል ወይ?» የሚል ነው። በእኔ አስተያየት አይበቃም። ሥዕሉን ከግድግዳው ቢያነሱት ከሳይንሱ የሚጎድል ነገር የለም፤ ሳይንሱን ቢተዉትም ሥዕሉ ያው ሥዕል ነው። አንዱ ሌላውን የሚያስቸግርበት ጉዳይ ነው መፈለግ ያለበት።

እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ከሙዚቃ መምህራችን ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሁለታችንም ቆመን በክራር ድምፅን እናስተምራለን። ሁለታችንም መቆማችን ወሳኝ ነው። እሱ ማክሰኞ፣ እኔ ሐሙስ ብንገባ ልጆቹ ሁለት የተለያየ ትምህርት አድርገው ነው የሚይዙት።

የምንጀምረው በጥያቄ ነው። የክራር ክሮች ከላይ ካለው ቀንበር ከታች እስከሚያርፉበት እንጨት፣ እስከ ብርኩማው፣ ርዝመታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ታዲያ ለምን አንዱ ይወፍራል፣ አንዱ ይቀጥናል? ማሲንቆ ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር፤ አንዱን ጭራ በጣት እየያዝን እናሳጥረዋለን። ክራር ላይ ግን ያለን ውጥረትና የክሩ ክብደት ነው።

ከዚያ ወደ ጀሪካን እንሄዳለን። የጊታር ብረት ክር አንዱን ጫፍ ጣውላ ላይ በምስማር ያስሩታል፤ ጣውላውን ባዶ የእንጨት ሳጥን ላይ ያስቀምጡታል፤ ሌላውን የክር ጫፍ በጠረጴዛው ጠርዝ አሳልፈው ጀሪካን ያንጠለጥሉበታል። ጠርዙ ላይ ለስላሳ የቱቦ ቁራጭ ያድርጉ፤ አለዚያ ሰበቃው ውጤቱን ያበላሽብዎታል። ጀሪካኑ ከነውሃው 1 ኪሎ ሲሆን ክሩን መትተው ድምፁን በስልክ መቃኛ ይመዝግቡ። ቀጥለው ልጆቹን «ድምፁ ኦክታቭ እንዲወጣ፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው እጥፍ እንዲሆን ስንት ኪሎ እናድርገው?» ይበሏቸው። ክፍሉ በሙሉ «2 ኪሎ እናድርገው!» ይላል። 2 ኪሎ ሲሆን የሚወጣው ድምፅ ጆሮ የሚጎረብጥ ነው፤ ሙዚቃ የሚያውቀው ልጅ ከሌላው ቀድሞ ፊቱን ያኮማትራል። ኦክታቩ የሚመጣው 4 ኪሎ ላይ ነው። ፍሪኩዌንሲ የሚያድገው በውጥረቱ ስኩዌር ሩት ልክ መሆኑን ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ያኔ ነው እንጂ አስቀድሜ አይደለም። 2 ኪሎ ከሩብ ላይ ቢያቆሙ ደግሞ የ3 ለ2 ሬሾ ያገኛሉ፤ የሙዚቃ መምህሩ «ይሄ አምስተኛው ድምፅ ነው» ብሎ ያዜመዋል።

አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ የክራሩን ወፍራም ክር ወደ ኦክታቭ ሊያወጣ መቃኛውን ሲያዞር፣ ሲያዞር ክሩ ጧ! ብሎ ተበጠሰ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱ ግን ደብተሩን ገልጦ አራት እጥፍ የሚለውን አየና «ለዚህ ነዋ ቀጭን ክር የሚያደርጉት!» አለ። ያን ቀን ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የኮርሱ ምርጥ ክፍል ግን ባለሙያ ክራር ተጫዋች የምናመጣበት ቀን ነው። (በነፃ አያስመጡት፤ ትንሽም ቢሆን የትራንስፖርትና የድካሙን ይክፈሉት።) በጆሮው ብቻ ትዝታ ይቃኛል፤ ልጆቹ እያንዳንዱን ክር በስልክ ይለካሉ። አፑ «ትንሽ ዝቅ ብሏል፣ ትንሽ ከፍ ብሏል» ይላቸዋል። እንግዲህ የተሳሳተው ማን ነው? አፑ የሚለካው ኦክታቭን ለ12 እኩል ቦታ በከፈለው የፒያኖ ሚዛን ነው፤ በዚያ ሚዛን አምስተኛው ድምፅ እንኳ ንጹሕ 3 ለ2 አይደለም፣ በጥቂቱ ያንሳል። ባለሙያው ደግሞ የሚቃኘው በጆሮው ነው። ክርክሩን እኛ አንዘጋውም። ውጤት የምንሰጠውም በዚሁ ላይ ነው፦ ተማሪው ክራሩን በጆሮው ይቃኛል፣ ይለካል፣ በልዩነቱ ላይ አንድ ገጽ ይጽፋል። ቅኝቱን የሙዚቃ መምህሩ፣ ልኬቱን እኔ፣ ጽሑፉን ሁለታችንም እናርማለን። የዕለት ዕቅድ ቅጹ ላይ «የትምህርት ዓይነት» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ስላለ በየጊዜው መጨቃጨቃችን አይቀርም፤ እርስዎም ይዘጋጁበት።

የእርስዎ አጋር ሠዓሊ ከሆነ ሙዚቃውን ይተዉትና ብርሃንን ይያዙ። ቀይና አረንጓዴ ቀለም ሲደባለቅ ጭቃ የሚመስል ነገር ነው የሚወጣው፤ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ግን ነጭ ግድግዳ ላይ ሲደራረብ ቢጫ ይሆናል። አዲስ አበባ ካላችሁና ፈቃድ ካገኛችሁ፣ አፍሪካ አዳራሽ የሚገኘውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ማሳየት ከየትኛውም ላቦራቶሪ ይሻላል።

ጊዜ ከተረፋችሁ በገናን ጨምሩ። ከብርኩማው ላይ በክሩና በእንጨቱ መካከል የምትገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራው፣ ናት ያንን የሚነዝር ድምፅ የምታመጣው። የድምፅ ሞገድን ከፋፍሎ የሚያሳይ አፕ ስልክዎ ላይ ይጫኑ፤ አንዱን ክር ከነእንዚራው፣ ከዚያም እንዚራው ወጥቶለት ያስመቱት። ቆዳዋ ስትወጣ ከዋናው ድምፅ በላይ የተደረደሩት መስመሮች ሲደክሙ ልጆቹ ራሳቸው ያዩታል። እንዚራዋን መልሶ በልኩ ማስገባት ግን ልምድ ይጠይቃል፤ በገና ደርዳሪ አጠገባችሁ ሳይኖር አትነካኩት።